የቢሊንግ ሶፍትዌር ላይ የዋጋ ሕግ እንዴት ይጻፋል?

የቢሊንግ ሶፍትዌር የስልክና የኢንተርኔት ሂሳብ የሚያሰላው ፕሮግራም ነው። እሱን ከመክፈታችሁ በፊት ታሪፉን በአማርኛ ጻፉት። ወረቀት ላይ፣ ደንበኛ ፊት ቆማችሁ እንደምትናገሩት አድርጋችሁ። «ሳዑዲ ሞባይል ላይ ሲደወል ደቂቃው ይህን ያህል ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይህን ያህል ይቀንሳል። የሚቆጠረው በሰከንድ ነው። ቫት ለብቻው ይታሰባል።» ይህን ሳትደናቀፉ መናገር ካልቻላችሁ ሶፍትዌሩም ሊያሰላው አይችልም። እናንተ ያልወሰናችሁትን ነገር ሶፍትዌር አይወስንላችሁም። የሆነ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩ ደረሰኝ ላይ ይታተማል፣ ከዚያ ደንበኛው የሚመጣው እናንተ ዘንድ ነው።

እኔ የምሠራው ደሴ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ ባሉ ሆቴሎች፣ ቢሮዎችና የገበያ ሕንጻዎች የስልክ ማዞሪያውንና የኢንተርኔት መስመሩን ከቢሊንግ ጋር አገናኛለሁ። ገመዱና ራውተሩ ቶሎ ያልቃል። ጊዜ የሚበላው ዋጋው ነው። ሰዎች ይህን ሥራ እንደ ዳታ ማስገባት ያዩታል፤ ጀማሪ ይሰጠዋል፣ ሠንጠረዥ ሞልቶ ይወጣል። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ትልቁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የተሳሳተ አንድ መስመር በየቀኑ፣ በየጥሪው፣ ከማያውቅ ሰው ኪስ ገንዘብ ያወጣል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የቴሌኮም አገልግሎትን መልሶ መሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የተቋቋመውም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። ደንበኛችሁ ፈቃዱን ይዞ ካልመጣ ታሪፍ ልትጽፉለት አትቀመጡ።

አሁን ወደ ሥራው። የምትጠቀሙት የቢሊንግ ሶፍትዌር ኤቱቢሊንግም ይሁን ኤኤስቲፒፒ፣ ወይም በውድ የተገዛ ሌላ፣ አንድ የዋጋ ሕግ ሦስት ነገር አለው። መቼ እንደሚሠራ የሚናገር ሁኔታ አለው። ሲሠራ የሚያስከፍለው ዋጋ አለው። ከሌላ ሕግ ጋር ሲጋጭ ማን እንደሚያሸንፍ የሚናገር ቅድሚያ አለው። ሁለቱን ሁሉም ሰው ይሞላል። ሦስተኛውን ሶፍትዌሩ ራሱ በሰጠው ቁጥር ትቶት ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን አንድ መልክ አስይዙት

ሰው አንዱን ቁጥር በብዙ መንገድ ይደውላል። አንዱ 09 ብሎ ይጀምራል። ሌላው በፕላስ 2519 ይላል። ሌላው 002519 ይላል። ከሆቴል ክፍል ሲሆን ደግሞ ወደ ውጭ ለመውጣት ከፊት ሌላ አሃዝ ይጨመራል። ለእያንዳንዱ መልክ የዋጋ ሕግ ከጻፋችሁ ሥራው ማለቂያ የለውም። ዋጋው ከመሰላቱ በፊት ቁጥሩ ሁሉ ወደ አንድ መልክ ይምጣ፤ የአገር ኮድ ከፊት፣ ፕላስም ዜሮም የሌለበት። የደሴ፣ የኮምቦልቻና የወልዲያ መደበኛ ስልክ በ033 ይጀምራል፣ እሱ 25133 ይሁን። 09 ወደ 2519፣ 07 ወደ 2517 ይቀየር።

ይህ ቀላል ይመስላል። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሆቴል የገጠመውን ልንገራችሁ። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እንግዳዬ ወልዲያ ወንድሜ ጋ ነው የደወልኩት እያለ ይምላል። ወረቀቱ ሳዑዲ ይላል። ማንን ልመን?»

ሄጄ የጥሪ መዝገቡን ከፈትኩ። የተደወለው ቁጥር በ0966 የሚጀምር የአገራችን ሞባይል ነው። ሥርዓቱን መጀመሪያ የተከለው ባለሙያ ከፊት ያለውን ዜሮ የሚቆርጥ ሕግ አስገብቷል። ከተቆረጠ በኋላ 251 የሚጨምረውን ግን አላስገባም። ዜሮው ሲሄድ የቀረው በ966 ይጀምራል። 966 የሳዑዲ አረቢያ ኮድ ነው። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን አደረገ። በ0965 የሚጀምር ቢሆን ኩዌት፣ በ0961 የሚጀምር ቢሆን ሊባኖስ ብሎ ያስከፍል ነበር።

ነገሩ ለምን ቶሎ እንዳልታየ ልብ በሉ። በሌላ ቦታ የሆቴል ሂሳብ ላይ ድንገት ሳዑዲ የሚል መስመር ቢበዛ ሰው ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ግን አረብ አገር ልጅ ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ቤሩት የሚል ጥሪ የየዕለት ነገር ነው። ስህተቱ በእውነተኛ ጥሪዎች መሀል ተደብቆ ይኖራል። ሐጂ ነገሩ ሲገባቸው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፣ ለእንግዳው ገንዘቡን መለሱለት፣ የቀደሙትን ደረሰኞችም አስወጥተው ሊያዩ ተቀመጡ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዜሮ የሚቆርጠውና 251 የሚጨምረው አንድ ሕግ ይሁኑ፤ አንዱ ያለ ሌላው መሥራት አይቻለው። ሁለተኛ፣ የአሃዝ ብዛት ሁኔታ ጨምሩ። የሳዑዲ ቁጥር ከነአገር ኮዱ 12 አሃዝ ነው። የእኛ ሞባይል ዜሮው ተቆርጦ 9 አሃዝ ነው። «በ966 ይጀምራል፣ ርዝመቱም 12 ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ 9 አሃዝ ያለው ቁጥር በምንም መንገድ ሪያድ አይገባም። ይህን የርዝመት ሁኔታ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት።

ማን ያሸንፋል?

ለሳዑዲ በጠቅላላው ዋጋ አላችሁ እንበል፣ 966። ለሳዑዲ ሞባይል ደግሞ የተለየ፣ 9665። ወደ ሞባይል የተደወለ ጥሪ ሁለቱንም ያሟላል። አብዛኛው የቴሌኮም ቢሊንግ ረጅሙን መነሻ ቁጥር ይመርጣል፤ 9665 ያሸንፋል። ሰሜን አሜሪካም እንደዚያው ነው፤ 1 ለአሜሪካና ለካናዳ ነው፣ 1876 ግን ጃማይካ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

አንዳንድ ሶፍትዌር ግን ከላይ ወደ ታች እያነበበ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። እዚያ ላይ 966ን ከ9665 በላይ ካስቀመጣችሁ የሞባይሉ ሕግ መቼም አይነካም። የእናንተ ሶፍትዌር የትኛው እንደሆነ መመሪያውን አንብባችሁ ብቻ አትመኑ። ሁለት የሙከራ ሕግ ጻፉ፣ አንዱ 1 ብር ሌላው 2 ብር። ደውሉ። የወጣው ዋጋ ይነግራችኋል።

ከሁሉም በላይ መቀመጥ ያለባቸው የድንገተኛ ቁጥሮች ናቸው። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939። እነዚህ ነጻ ይሁኑ፣ የደንበኛው ቀሪ ሂሳብ ዜሮ ቢሆንም ይለፉ። ቅድመ ክፍያ የሚጠቀም ሥርዓት መጀመሪያ ሂሳቡን ፈትሾ ከዚያ ወደ ታሪፉ ስለሚሄድ፣ ዋጋውን ዜሮ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ከሂሳብ ፍተሻው በፊት የሚያልፉበትን ቦታ ፈልጋችሁ አስገቧቸው። የክፍል እንግዳ ታሞ ስልክ ሲያነሳ «ቀሪ ሂሳብዎ አይበቃም» የሚል ድምፅ መስማት የለበትም።

ሰዓት፣ ሌሊትና የእኛ አቆጣጠር

«ማታ ቅናሽ» የሚባለው ሕግ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጭቅጭቅ ያመጣል። ባለቤቱ «ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12» ይላል። ሶፍትዌሩ ውስጥ 22፡00 እስከ 06፡00 ማለት ነው። ሰርቨሩ ደግሞ ጥሪውን በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ 19፡00 እስከ 03፡00 ይሆናል። ሦስት አቆጣጠር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሕጉን ስትጽፉ ማስታወሻው ላይ ሦስቱንም አስፍሩ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው የትኛውን እንዳያችሁ አያውቅም።

እኩለ ሌሊትን የሚያልፍ ሰዓት ብዙ ሶፍትዌር አይቀበልም፣ ወይም ተቀብሎ ዝም ብሎ ይተወዋል። ሁለት አድርጋችሁ ክፈሉት፤ ከ22፡00 እስከ 23፡59፡59፣ ከ00፡00 እስከ 05፡59፡59።

የሳምንቱ ቀን ሲጨመርበት ይወሳሰባል። «እሁድ ሌሊት ግማሽ ዋጋ» ሲባል ባለቤቱ ለእሁድ አጥቢያ ማለቱ ነው ወይስ ለሰኞ አጥቢያ? ሶፍትዌሩ ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተደወለ ጥሪ ለእሱ ሰኞ ነው፣ ለደዋዩ ግን ገና የእሁድ ሌሊት ነው። ጠይቁ፣ አስጽፉ፣ አስፈርሙ።

ከምሽቱ 3፡58 ተጀምሮ 4፡10 ላይ ያለቀ ጥሪስ? በተጀመረበት ዋጋ ይሂድ ወይስ 4 ሰዓት ላይ ለሁለት ይከፈል? ሁለቱም ይሠራበታል። እኔ ለሆቴል የምመክረው በተጀመረበት ዋጋ እንዲሄድ ነው፤ ለእንግዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ወርሃዊ ሂሳብ ለሚከፍል ትልቅ ድርጅት ግን ጥሪውን ለሁለት መክፈሉ ይሻላል። የሂሳብ ክፍሉ መስመር በመስመር ያያልና።

ስለ ወሩ ደግሞ። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የሚያውቁት የፈረንጁን ወር ነው። «በየወሩ በ11 ሂሳብ አውጣ» ብትሉት በአብዛኛው ዓመት መስከረም 1ም ጥቅምት 1ም ላይ ይገጥማል። ኅዳር 1 ግን ኖቬምበር 10 ነው። ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ነው። እያለ ይንሸራተታል። በእኛ ወር ለሚከፍል ደንበኛ «በየ30 ቀኑ» የሚል ዑደት ምረጡ፣ ጳጉሜን ለብቻዋ ያዟት። የወር ክፍያው 1,500 ብር ከሆነ ቀኑ 50 ብር ነው፤ 5 ቀን ለሆነች ጳጉሜ 250 ብር፣ 6 ስትሆን 300። ወይም ባለቤቱ ጳጉሜን በነጻ ይለቃል። የትኛውም ይሁን፣ ውል ላይ ይጻፍ። ጳጉሜ 1 ላይ የሚጀመር ክርክር አያምርም።

በዓልም እንዲሁ ነው። ወሎ ውስጥ የበዓል ቅናሽ ከተሰጠ ለገናም ለዒድም ለመውሊድም ነው። ገና በሶፍትዌሩ ቀን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው፣ አንዴ ጽፋችሁ ትተዉታላችሁ። ዒድና መውሊድ ግን በጨረቃ ስለሆኑ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀድመው ይመጣሉ። ዒድ አልፈጥር ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ የሚታወቀውም ዋዜማው ላይ ነው። በራሱ የሚደጋገም ሕግ እዚህ አይሠራም። የበዓል ቀናት ሠንጠረዥ አዘጋጁና የዋጋ ሕጉ ቀኑን ከዚያ ያንብብ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚመጣው እንግዳ ደሴን ሲሞላ አንዳንድ ሆቴል የተለየ የኢንተርኔት ጥቅል ያወጣል። ለእንዲህ ያለው መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ያለው ሕግ ጻፉ። ማብቂያ የሌለው ጊዜያዊ ቅናሽ አትጻፉ።

የሰከንዱ አቆጣጠር

እዚህ ላይ በቁጥር ላሳያችሁ። ለምሳሌ ያህል ደቂቃው 24 ብር ነው እንበል፣ ሰከንዱ 40 ሳንቲም። ደንበኛው 61 ሰከንድ ተናገረ። በ60/60፣ ማለትም በሙሉ ደቂቃ ከቆጠራችሁ ሁለት ደቂቃ ይሆናል፤ 48 ብር። በ30/6፣ ማለትም ዝቅተኛው 30 ሰከንድ ሆኖ ከዚያ በየ6 ሰከንዱ፣ 66 ሰከንድ ይሆናል፤ 26 ብር ከ40። በ1/1 በሰከንድ ከቆጠራችሁ 24 ብር ከ40 ነው። ጥሪው አንድ፣ የደቂቃው ዋጋ አንድ፣ ሂሳቡ ግን እስከ እጥፍ ይለያያል። ሰው ታሪፍ ሲያወዳድር የደቂቃውን ዋጋ ብቻ ያያል። እናንተ ግን ይህን ቁጥር ለደንበኛው አሳዩት። አቆጣጠሩን የደበቀ ታሪፍ በእኔ እምነት ሐቀኛ ታሪፍ አይደለም።

ቅድመ ክፍያ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። 12 ብር የቀረው ሰው በሰከንድ ሲቆጠር 30 ሰከንድ ይናገራል። በ60/60 ግን ጥሪው አያልፍለትም፣ የመጀመሪያው ደቂቃ 24 ብር ነውና። ደንበኛው የሚያየው «ገንዘብ አለኝ፣ አይደውልም» ነው።

ማጠጋጋቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ደቂቃው 50 ሳንቲም የሆነ የ7 ሰከንድ ጥሪ 0.0583 ብር ነው። በየጥሪው ወደ 6 ሳንቲም ካጠጋጋችሁ አንድ ሺህ ጥሪ 60 ብር ይሆናል፤ ትክክለኛው 58 ብር ከ33 ነው። ውስጥ ውስጡን ቢያንስ አራት አሃዝ ያዙ፣ ደረሰኙ ላይ አንዴ አጠጋጉ። 15 በመቶ ቫትም ከድምሩ ላይ ይታሰብ፣ በራሱ መስመር ይታይ።

ቅናሽ ሲደራረብ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ንገሩት። የ20 በመቶ እና የ10 በመቶ ቅናሽ አንድ ላይ የመጣለት ሰው ከ100 ብር ስንት ይከፍላል? ከተደመሩ 70። አንዱ በሌላው ላይ ከተሰላ 72። ትልቁ ብቻ ይያዝ ከተባለ 80። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ባለቤቱ የትኛውን እንደፈለገ ካላወቃችሁ ግን ሦስቱም ስህተት ናቸው።

ኢንተርኔት ላይ ሁለት ነገር

ኢንተርኔቱን በፍጥነት ልለፍ፤ ሕጉ ያንኑ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። ራውተሩ ከቢሊንጉ ጋር የሚነጋገርበት ራዲየስ የሚባለው ፕሮቶኮል የዳታውን ቆጣሪ በ32 ቢት ነው የሚልከው። 4 ጊጋባይት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ስንት ጊዜ እንደሞላ የሚናገረው ጊጋወርድስ የሚባል ሌላ መስክ ነው። ቢሊንጋችሁ ያንን መስክ ካላነበበ 9 ጊጋ የተጠቀመ ሰው 1 ጊጋ ብቻ ይመዘገብለታል። የተከታተላችሁት ቆጣሪ በአንድ ግንኙነት ከ4 ጊጋ አልፎ የማያውቅ ከሆነ ጠርጥሩ።

ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ራውተሩ «ግንኙነቱ አለቀ» የሚለውን መልእክት ሳይልክ ይጠፋል። በየ5 ደቂቃው ጊዜያዊ ሪፖርት እንዲልክ አድርጉት፤ የሚጠፋው ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ይሆናል። በሰዓት ለሚያስከፍል የዋይፋይ ካርድ ደግሞ ሕጉ ላይ ጨምሩ፦ ሪፖርት ከቆመ በኋላ ያለው ጊዜ አይቆጠርም። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ደንበኛው ሊከፍል አይገባም።

ዋጋ ሲቀየር፣ ከመክፈትም በፊት

የነበረውን ዋጋ ከፍታችሁ በላዩ ላይ አትጻፉ። አሮጌው ሕግ ማብቂያ ቀን ይሰጠው፣ አዲሱ ከዚያ በኋላ ካለው ሰከንድ ይጀምር። በላዩ ከጻፋችሁ ያለፈው ወር ደረሰኝ እንደገና ሲታተም በአዲሱ ዋጋ ይወጣል፣ ደንበኛው ሁለት የተለያየ ወረቀት ይዞ ይመጣል። የሚጽፈውና የሚያጸድቀውም ሁለት ሰው ይሁኑ። ቢሮው ትንሽ ቢሆንም ይሁኑ፤ ባለቤቱ ራሱ ያጽድቀው።

ለሙከራ የተለመዱ ጥሪዎችን አትምረጡ፤ እነሱ ሁልጊዜ ይሠራሉ። ድንበር ላይ ያሉትን ምረጡ። ያልተነሳ ጥሪ። 1 ሰከንድ የቆየ። ልክ 60፣ ልክ 61። ከምሽቱ 3፡59፡50 ላይ የተጀመረ። በ0966 የሚጀምር የአገር ውስጥ ቁጥር። በ9665 የሚጀምር የሳዑዲ። ለማንኛውም ሕግ የማይገጥም ቁጥር፤ እሱ በዜሮ ዋጋ እንዳያልፍ፣ እንዲታገድ ወይም ለሰው እንዲታይ አድርጉ። ለእያንዳንዱ መልሱን አስቀድማችሁ በእጃችሁ አስሉና ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን ጠይቁ። ሶፍትዌሩ ያወጣውን አይታችሁ «ልክ ይመስላል» ማለት ሙከራ አይደለም።

ከዚያ ያለፈውን ወር የጥሪ መዝገብ በአዲሱ ሕግ አስልታችሁ ከአሮጌው ሂሳብ ጋር አስተያዩት፣ ለማንም ሳይላክ። ድምሩን ብቻ አትዩ። ድምር ተመሳሳይ ሆኖ አንዱ ደንበኛ የሌላውን ሊከፍል ይችላል። በየደንበኛው ልዩነቱን አውጡና ከትልቁ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ምክንያቱን ፈልጉ። ምክንያቱ ያልተገኘለት ልዩነት እያለ ሥርዓቱን አትክፈቱ።

ሲከፈት ታሪፉ መጀመሪያ በጻፋችሁበት አማርኛ ታትሞ እንግዳ መቀበያው ላይ ይለጠፍ፤ አቆጣጠሩ፣ የማታው ሰዓት፣ ቫቱ ሳይቀር። እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራው ልጅ አንድ ደረሰኝ ይዛ ያንን ወረቀት እያየች በካልኩሌተር አስልታ እዚያው ቁጥር ላይ መድረስ አለባት። ካልደረሰች ወረቀቱን ወይም ሕጉን አስተካክሉና ልጅቷን እንደገና ጠይቋት።